ዛህራው ወረደ

ሰማዩ እንደ ሠራተኛ በየማለዳው በሚገባበት፣
ዝናብ የወር ደመወዝ ያለው በሚመስልበት፣
በበርገን፣ ከዓሣ ገበያው ሽቅብ፣ መንገዱ ደረጃ በሆነበት፣
አራት ሆነን እንኖር ነበር፤
አንድ ምድጃ፣ አንድ ቁልፍ፣ የማያልቅ ዕቅድ።

ጥር ነበር። የፈረንጅ አዲስ ዓመት አልፎ፣
ዕቅዳችን እንደ ገና ዛፍ በየበሩ ተጥሎ፣ ረግፎ።
«እንጫወተው» አለች ትርሲት፣ «ምክር ሰለቸኝ እኔስ፤
ለራሱ ያልተነሣ ሰው ለጨዋታ ይነሣ እንደሆነስ?»

ባለ ካሬ ደብተር ገዛን። ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩኝ፤
ለየስሙ ተልእኮ፣ ለየተልእኮው ነጥብ ደለደልኩኝ።

ኑረዲን፣ ወደብ ላይ የሚሠራ፣ ውሃን እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚያውቅ፣
ዘንዶው የመዋኛው ገንዳ ሆነ፤ ሁለት ሜትር ተኩል የሚጠልቅ።
ትርሲት በነሱ ቋንቋ ስልክ መደወል ትፈራለች፤
ቀጠሮ ከመያዝ ከጥርሷ ሕመም ጋር ታድራለች።
ዳግማዊ ሲጋራ። ሌላ ምን አለው፤ ሲጋራ።
የኔ ዘንዶ ባለ ሁለት ፊደል ነው፤ «እሺ» ይባላል ሲጠራ።
«ነገ ሌሊት ትገቢልናለሽ?» እሺ። «እሑድስ?» እሺ። «ገናንስ?»
ሦስት ክረምት ባረጋውያኑ ቤት የሰው ፈረቃ እንደ ካፖርት ስለብስ።

መቶ የሞላለት ግራዝማች፣ ሁለት መቶ ቀኛዝማች ይባላል፤
ሹመቱ እራት ላይ ይታወጃል፤ ያልተሾመ ሳህን ያጥባል።

ሳቅንበት። ግን ሠራ።
አንድ ማክሰኞ ትርሲት መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ፣
ያጠናችውን ወረቀት መስተዋቱ ላይ ለጥፋ፣
ደወለች። ሦስታችን በሩ ላይ ጆሯችንን ደግነን
«ጤና ይስጥልኝ፣ ጥርሴ...» ስትል እንደ ልጅ ዘለልን።
ኑረዲን አፍንጫውን ይዞ ጠለቀ፤ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ
«ታቹ ሰማያዊ ነው» አለን፣ ሌላ ቃል አጥቶ።
እኔም አለቃዬ ቅዳሜ ማለዳ ደውላ ስትለማመጠኝ
«አይመቸኝም» አልኳት።
ትርሲት «ይሄ ግማሽ እምቢ ነው» ብላ ግማሹን ነጥብ ሰጠችኝ።

የዳግማዊ ነጥብ ግን ከሁላችን በላይ ያሻቅባል፤
በሦስት ሳምንት ቀኛዝማች! እኛ ሳህን ስናጥብ ሶፋ ላይ ይጋደማል።

የካቲት መጨረሻ፣ ከሱቅ ስንመለስ አራታችን፣
መቶ አርባ ሁለቱን ደረጃ ስንወጣ ከነከረጢታችን፣
መሐል ላይ ቆመ። ትንፋሹ ያፏጫል። ዝናቡን እያየ፣
«ደረጃ ወጣሁ ስላችሁ» አለ፣ «ይኸው ደረጃው እኔን ለየ።
አንድ ቀን አላቆምኩም። በመስኮት ነበር የማጨሰው።
ደብተሩ ላይ ያለው ሌላ ነው፤ እኔ ይኼው የምታዩት ሰው።»

ኑረዲን፣ «ይሻር!» አለ፣ «ሕግ ካልተከበረ ምኑን ጨዋታ!»
ትርሲት፣ «ይሾም እንጂ! እኔ ቆልፌ ነው የደፈርኩ፤ እሱ በአደባባይ፣ ያለ መከታ።»
ወደ እኔ ዞሩ። ደብተሩ መልስ የለውም፤
ለውሃ፣ ለስልክ፣ ለእምቢታ ነጥብ ስንቆርጥ ይኼ አልታየንም።

«ዛህራ ይፍረድ!» አልኩና ከኪሴ አውጥቼ ጣልኩት፤
ድንጋዩ እርጥብ ነውና፣ ነጠረ፤ ልይዘው ስል አጣሁት።
አንድ ደረጃ ወረደ። ሁለት። አራት። ሰባት።
ከረጢት ጥለን ተከተልነው፤ ድንቹም እኛን፣ እንደ ሕፃናት።
ዳግማዊ ከፊት ነው፤ ሳንባው እንደ ዛገ በር ሲያቃስት፣
ያየው ሰው ነፍሱ ያመለጠችው ይመስለው ነበር በዚያች ሰዓት።

ታች፣ ከብረት ፍርግርጉ ሥር፣ ውሃው ወደ ባሕር በሚገባበት፣
ጠፋ። አራታችንም አጎነበስን።
ቁጥሩን ያየ የለም።

ያን ማታ ሳህኑን ማን እንዳጠበ አላስታውስም።
ደብተሩ ላይ በኔ እጅ «ዛህራው ወረደ» ይላል፤ ነጥብ የለውም።
ከሥሩ በዳግማዊ እጅ፣ ተንጋዶ፣ «አንድ» ተጽፏል፤
አንድ ቀን ይሁን አንድ ደረጃ፣ ማን ይጠይቀዋል?

ጠዋት የሱ መስኮት ተዘግቷል።
የተበተነውን ድንች ሊለቅም ወርዶ ኖሮ፣ ሲወጣ ሰማሁት፤
ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል፤
ሲደክመው ይቆማል፤
ከዚያ፣ ካቋረጠበት ሳይሆን፣
ከአንድ ይጀምራል።