መካከለኛው

ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ማዶ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
አንድ ወንበር፣ አንድ ስካነር፣ አንድ ያረጀ ማሽን፤
ሱቄ ይኸው ነው። ሰው የሞተበትም፣ መታወቂያ የጠፋበትም
እዚሁ ነው የሚመጣው፤ ሌላ አይሄድም የትም።

ጋሽ እንድሪስ ገቡ፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣
ፎቶ በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በሌላ።
«ዘምዘም ናት» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩ።
ሻጋታ በልቷታል፤ ጠርዞቹም ተሸርሽረው ቀሩ።
በግንባሯ፣ በጠጉሯ፣ በትከሻዋ ላይ
ነጭ ነጥብ፣ ጥቁር ነጥብ፤ እጅ ያመለጠው ጨውና ቁንዶ በርበሬ መሳይ።

«ቀላል ነው» አልኳቸው፣ ወንበሩን ለቅቄ፤
ስንት ፊት አውጥቻለሁ ከአቧራ ፈልቅቄ።

ማጣሪያው እንደ ሰፈር ሽማግሌ ነው አሠራሩ፤
አንዷ ነጥብ ስትከሰስ፣ ስምንት ጎረቤቶቿ ይጠሩ።
«ከጨለማው እስከ ነጩ በተርታ ቁሙ» ይላል፤
ከግራ አራት፣ ከቀኝ አራት ቆጥሮ ያልፋል፣
መሐል የቆመውን፣ አምስተኛውን ይመርጣል።
ነጥቧም የእሱን መልክ ለብሳ ትገባለች ቤቷ፤
ከሁሉ የነጣች፣ ከሁሉ የጠቆረች መሆኗ ነበር ጥፋቷ።
ደምሮ ማካፈል ቢሆን፣ የአንዱ ጉድ ለሁሉ ይደርስ ነበር፤
መካከለኛው ግን ጉደኛውን ጥሎ ነው የሚያድር።

ጫንኩት። ደገምኩት።
ሻጋታው ሄደ። ነጠብጣቡ ሄደ። ግንባሯ ጠራ፤
ጉንጯ እንደ ቦርከና ድንጋይ ለሰለሰ፣ አበራ።
ጠጉሯ ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ አንድ ነቁጥ የለበት።
ኮራሁ። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት።

ዝም አሉ።
መነጽር አወጡ፣ በኮት ጫፍ ጠረጉ፤
ቀረቡ፣ ራቁ፣ እንደገና ተጠጉ።
ከዚያ፣ «ጥጡስ?» አሉኝ።

«የቱ ጥጥ?»

«ከሦስተኛ ፈረቃ ወጥታ እኮ ነው፣ ከመፍተያው ክፍል።
‹እንሂድ ፎቶ ቤት› ስትለኝ፣ ‹መጀመሪያ ታጠቢ› ስል፣
‹ደመወዜ ነው ይኼ ጥጥ፣ ይታይ!› ብላ ሳቀች፤
ጠጉሯ ላይ በረዶ የጣለባት መስላ ነው የተነሣች።»

ማጣሪያዬ ጥጥና ሻጋታ አይለይም።
እኔም ዘምዘምን አላውቃትም።

መለስኩት። አንድ ርምጃ፣ ሌላ ርምጃ ወደ ኋላ፤
ነጠብጣቡ ተመለሰ፣ ሻጋታው ከነጥጡ ባንድ ላይ ፈላ።
የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ከጎናቸው ተቀመጥሁ፣
ማውሱን ይዤ ጣታቸውን ጠበቅሁ።

«ይቺ ሻጋታ ናት።» አጠፋሁ።
«ይቺ ጥጥ።» ተውኩ።
«ይቺ የዝንብ መሰለችኝ፤ ግድግዳ ላይ ስንት ዓመት ተሰቅላ።» አጠፋሁ።
«ይቺም ጥጥ። ይቺም። ይቺን… እስቲ ትንሽ አሳድጋት።»

መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ሁለቴም መጣ፤
የመጨረሻው ሚኒባስ «ደሴ፣ ደሴ» ብሎ ተጣርቶ ወጣ።

ከቅንድቧ በላይ አንዲት ነጥብ ቀረች፤
ነጭም አይደለች፣ ጥቁርም፤ መሐል ላይ የቆመች።
«ይቺስ?» አልኩ።
ብዙ ቆዩ።
«እንጃ። እሷ ነበረች የምታውቀው» አሉ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ።
«ተዋት።»