ሌላኛው ፉርጎ

በቫልፓራይሶ፣ ከወደቡ በላይ፣
ሁለት ፉርጎ አሉኝ፣ ሐዲድ ገደል ላይ፤
አንደኛው ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣
አርባ አንድ ዓመቴ፣ እጄ ይህን ያውቃል።
ትኬት እቆርጣለሁ፣ ፍሬን እይዛለሁ፣
ጉም የመጣ እንደሆን ደወል እመታለሁ፤
ከዚህ የዘለለ ምን ሙያ አውቃለሁ?

ያስና የመጣችው ማክሰኞ ማታ፣
ደብተር በብብቷ፣ ሦስት ሌት እንቅልፍ አጥታ።
ወደ ቤት አልሄደች፣ ቁልቁልም አልወረደች፣
ከትኬቴ መስኮት ሥር ተገትራ ቀረች።
«ዶን ኤሌውቴሪዮ፣ ጥያቄ ነበረኝ፤
አይሳቁብኝ ብቻ፤ ወይ ቶሎ ይሳቁብኝ።
እንደዚህ ፉርጎ ያለ ነው፣ እንቅልፍ የነሳኝ።»

ኢንጂነሪንግ ጀምራ ገና መንፈቅ ዓመት፣
የፊዚክስ ፈተና፣ ከሰባት ሁለት!
ማለፊያው አራት ነው፣ በእኛ አገር ሥርዓት።

ማንን ያልጠየቀች? መምህሩን ጠየቀች፤
«ግልጽ ነው» አላት፤ ግልጹን ይዛ ወጣች።
የክፍሉን አንደኛ፣ ሎታሮን ለመነች፤
መልሱን አስገለበጣት፣ መንገዱን አላየች።
እናቷ ከዓሣ ገበያ ገብታ ደክማ
«ለጴጥሮስ ንገሪው» ብላ ሰጠቻት ሻማ፤
ጴጥሮስ መረብ እንጂ ሳይን አያውቅማ!

ደብተሯን ዘረጋች። ተዳፋት ሥላለች፣
በተዳፋቱ ላይ ሣጥን አስቀምጣለች፤
ከሣጥኑ ቀስት፣ ከቀስቱ ሌላ ቀስት፣
የተጻፈ፣ የተፋቀ፣ ዳግም የተጻፈበት፣
ወረቀቱ ሳስቶ ጣቴ የሚታይበት።
ክብደቱ ቁልቁል ነው፣ ሰበቃው ወደ ኋላ፣
ኮሳይን ተሰርዟል፣ ሳይን ገብቷል፣ እሱም ተሰርዟል በኋላ።
«የገመዱን ውጥረት ፈልጊ» ይላል ጥያቄው፤
ልጅቷን ላያት ሰው፣
ካገኘችው ቆየች፤ አንገቷ ላይ ነው።

«ሞተሩስ? ሠላሳ ሆነብኝ፣» አለች፣ «የፈረስ ጉልበት፤
መጽሐፉ ሦስት ይላል። የት ላይ ነው ስህተት?»

እኔ እንግዲህ፣ እውነቱን ልናገር፣
ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ነበር፤
ያ ሁሉ የግሪክ ፊደል ለእኔ የጉንዳን መንገድ ነው፤
ግን ሣጥኑ፣ ያ ብቸኛ ሣጥን፣ ሆዴን በላው።
በግሪሳም ጣቴ ነካሁት፤ አሻራዬ ቀረ፣
እሱን ግን ማንም አልፋቀው፣ እዚያው ነበረ።
«ይህ ፉርጎሽ፣ ልጄ፣ ብቻውን ይወጣል?»
«ሌላ ማን አለና? ሞተሩ ይስበዋል።»

ዝም አልኩ። «ግቢ» አልኳት። ፍሬኑን ለቀቅኩት፤
መንገድ እኩሌታ፣ ሁለቱ ሲገናኙ፣ ያዝኩት።
ከታች የምትመጣው ሆርቴንሲያ ነበረች፣
ሁለት ጆንያ ድንች አጠገቧ ጭናለች፤
«ምን ነካህ፣ አንተ ሽማግሌ!» ትላለች።
መስኮት ለመስኮት ነው፣ ቆመው የተያዩት፣
አሮጊትና ልጅ፣ በአንድ ገመድ የተንጠለጠሉት።
እኔ ከላይ ሆኜ በእጄ ጠቆምኳት፣
መዘውሩን፣ ገመዱን፣ ከዚያ ራሷን አሳየኋት፤
ድንቹን ማን እንደሚያወጣው ያኔ ገባት።
ጮኸች ወይ ሳቀች፣ ከሩቅ አይለይም፤
ጉም ባለበሰው መስታወት ላይ ግን፣ በጣቷ፣
ሁለተኛ ሣጥን ሣለች፤ አይቻለሁ፣ አልዋሽም።

ተአምር አልሆነም። በቀጣዩ ፈተና
አራት ነጥብ አንድ፤ በጠብታ አመለጠች፤ ይሁና።
እኔን ግን አመል ለከፈኝ፤ ትኬት ስቆርጥ ሰውን ሁሉ
በዓይኔ እመዝናለሁ፣ «ይሄ ማንን ይስብ ይሆን?» እላለሁ በውስጤ፣
ጠበቃው፣ መነኩሲቷ፣ ሰካራሙ፣ እኩል ናቸው ለመዘውሬ።

አንድ ሳምንት ቆይታ ደብተሯን ይዛ መጣች፤
ክር የተጠመጠመበት፣ የሚሽከረከር ጎማ ሥላለች።
«ይህን እኔ አላውቅም» አልኳት። «እኔም» አለች፣
ከፍሬኑ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።
ከሥር ደወል ጮኸ፤ ሆርቴንሲያ ናት፤
ትጠብቅ ጥቂት።
እርሳሱን ተቀብዬ በቢላዬ ቀረጽኩላት።