ከአንገት በላይ፣ ከአንገት በታች

ኤድመንተን፣ በጥር፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
መስኮቴን በረዶ እንደ ዓይን ሞራ ጋርዶት፣
ራሴን ቆረጥኩት።

ደም አልነበረውም፤ በአውራ ጣቴ ነው።
የፎቶዬን ጠርዝ ወደ ታች ስስበው፣
ቅንድቤ ሄደ፣ ዓይኔ፣ አፍንጫዬ፣
ጢሜ መጨረሻ።
የቀረው ደረት ነው፣ የተወጠረ ትከሻ፣
ልጅ ሳለሁ ከዛፍ የወደቅኩበት ጠባሳ።
ስም በሌለው ገጽ ላይ ይህንን ሰቀልኩ፤
«ሠላሳ አራት ዓመት፤ ቁም ነገረኛ» አልኩ።
ቁም ነገር ያልኩት ፍርሃቴን ነው።

ሌላ ገጽ አለኝ፤ እዚያ ስም አለኝ፣ ምንተስኖት።
ክራባት፣ የሱፍ ኮት፣
ካልጋሪ፣ በእህቴ ሠርግ፣ ኬክ ሲቆረስ የተነሳሁት።
እትዬ ሙሉሸዋ ከሥሩ ጽፈዋል፦ «የእሱንስ መቼ ነው?»
የሳቅ ምስል ልኬ ተገላገልኩ።
ያ ፎቶ ከአንገት በላይ ነው፤
ፈገግታውም እንዲሁ።

ፊቴ በአንድ ቤት፣ ገላዬ በሌላ፤
አንድ ኪራይ የሚከፍሉ፣
ሰላም የማይባባሉ ደባሎች።

ያን ሌሊት ስልኬ በራ።
ፎቶ የለውም፤ ርቀቱ ብቻ፦ አሥራ አንድ ሜትር።
በገዛ ፊደላችን፦
«ወንድም፣ ማተብህ ይታያል።»

ብርድ ልብሴን ጣልኩ። አሥራ አንድ ሜትር!
ግድግዳውን አየሁ፣ ጣሪያውን፣ ወለሉን፤
ማነው? ደረጃው ላይ ጨው የሚበትነው?
እሑድ እሑድ በመኪናው የሚያደርሰኝ?
ፎቶውን ከፈትኩ። እውነትም፣ ከጠርዙ፣
ቢላዬ ካለፈበት ሥር፣ ጥቁር ክር፤
ስንቴ ተበጥሶ ስንቴ የቋጠርኩት፤
ራሴን ስሰውር እሱን ረሳሁት።

ልሰርዝ ስል ሁለተኛው መጣ።
ደረት አይደለም፣ ፊትም አይደለም፤ አንገት ብቻ፤
ምላጭ የነካው ማንቁርት፣ ሰማያዊ ክር።
«የኔን ደግሞ እየው» ይላል።
ሌላ ነገር የለም።

ጠዋት ሊፍቱ ውስጥ ሁለት ሻርፕ ሆነን ቆምን።
ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ነው፤ በዚህ ከተማ
በጥር አንገት ያለው ሰው የለም።
ከአራተኛ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ቁጥሩን አየን።
ከዚያ እሱ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ቁስል ፋሻ፣
ሻርፑን ፈታ።
«ኢዮስያስ እባላለሁ» አለ፤ ድምፁ ገና አልነቃም።
እጄ ወደ አንገቴ ሄደ።

በሩ ምድር ቤት ተከፈተ፤ ብርዱ ገባ፤
ተዘጋ።
ማናችንም አልወረድንም።