የጎደለ ጥርስ

አባቴ ባረፈ ባርባኛው ቀን ማግስት፣
ሚዛን ይዞ መጣ ቁራሌው፣ ካለንበት።
"ብረት በኪሎ ነው፤ አላማርጥም" አለኝ፤
ባሌስትራና ፒንሳ፣ ዝገቱን ከነጉዱ፣ ባንድ መዘነልኝ።

ከሳጥኑ ወለል፣ ከጨርቅና ግሪስ፣
አንዲት ቁልፍ ቀረች፣ ተጠቅልላ እንደ አራስ።
ክሪኬት። ሲያዞሯት ክርር ትላለች፤
ባንድ ፊት ታጠብቃለች፣ ምላሷን ሲገለብጧት ትፈታለች።
አባቴ በየዓመቱ ያሻት ነበር በቅባት፤
ብሎን ሲፈታባት ግን አንድ ቀን አላየሁት።
"ይቺንም ጨምሪና ሃያ ብር ልስጥሽ" ሲል፣
እጄ ነው እንቢ ያለው፤ አፌማ ነበር እሺ ሊል።

የሚያውቃት ይወቃት ብዬ፣ ከኮምቦልቻ ተነሣሁ፤
ሐረጎን በሚኒባስ ዞሬ ዞሬ ወጣሁ።
በየኩርባው፣ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ክርር እያለች፣
አጠገቤ ያለች ሴት "ምነው፣ ፌንጣ ያዝሽ?" አለች።
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከሸራ ሻጮች ጀርባ፣
"ጋሽ ሙሄን" አሉኝ፤ "እሳቸው ካላወቋት፣ ጉድጓድ ትግባ።"

ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ጣቶቻቸው ያያሉ፤
ብረት ይዞ ለመጣ "እስቲ ልጨብጠው" ይላሉ።
አልጠየቁኝም ስሜን፣ አላሉኝም የማን ልጅ፤
ላምባ በጣሳ ቀድተው ብሩሽ አነሱ እንጂ።
ጥቁሩ ቅባት ሟሟ፤ ጉም ሲገፈፍ፣ ጦሳ እንደሚታይ አናቱ፣
ፊደል ብቅ ብቅ አለ ከኒኬሉ ደረቱ።

"ጣልያን አይደለችም" አሉ፣ ወገቧን በጥፍር ዳብሰው፤
"የጣልያን ወገብ ቀጭን ነው፤
ይቺ ሆዳም ናት። ጀርመን ትመስለኛለች።
አንብቢልኝ፤ በጎኗ ምን ትላለች?"
"ግማሹ ተበልቷል። አንዱ ፊደል ማጭድ ይመስላል፤
አንዱ ማበጠሪያ ነው፣ ጥርሱ ረግፏል።"
"በቃሽ፣ ደረስኩባት" ብለው ፈገግ አሉ፤
"እንዲህ ያለ ማጭድ የሚቀርጹ ሰዎች፣ እነሱም የሉ፣ ልጆቻቸውም የሉ።"

ከዚያ ወደ ጆሮ። ቀስ አርገው አዞሯት፤
እንደ ሙስበሃ ፍሬ አንድ ባንድ ቆጠሯት።
ሠላሳ አንድ ላይ፣ ድምፅ ስጠብቅ፣ የለም፤
ሸርተት አለች፣ ጭቃ እንደረገጠ እግር። ጋሽ ሙሄም
ቆሙ።
ደግመው አዞሩ፤ እዚያው ሲደርሱ፣ አዘገሙ።

"ስንት ታወጣለች?" አልኩ።
"ለማን?" አሉኝ መልሰው።
"ለቁራሌ ሃያ ብር። ብሎን ለሚፈታ ሰው
ግማሽ ቁልፍ ናት። አሮጌ ለሚሰበስብ ሀብታም
ከስምንት ሺህ አትውረጅ፤ ኒኬሏ አልተላጠም።
ግን እጀታዋን አንድ ሰው በምስማር ጭሮታል፤
ያ ጭረት ሁለት ሺህ ይሰብርብሻል።"

ጭረቱን ከልጅነት አውቀዋለሁ፦
ሁለት ሰረዝ፣ አንድ ነጥብ። የአባቴ እጅ ነው እላለሁ።
ቀና ስል፣ ሞርሳው ላይ፦ ሁለት ሰረዝ፣ አንድ ነጥብ።
መዶሻው ላይ። የላምባው ጣሳ ላይ። አንድ ነጥብ፣ አንድ ነጥብ።
ለካ አባቴ ደሴ ዕቃ ሊገዛ ሲመጣ
ሰኞ ገበያን ሸሽቶ በሙጋድ ዞሮ የሚወጣ!

"የአረቡ ልጅ ነሽ" አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።
"አሰብ ወራጅ ኤንትሬ ሐረጎ ላይ ቆሞ፣ ዝናቡ አላቆመም፤
ረዳቱ በሬን መታ፣ ውሃ የሚንጠባጠብ ልጅ፤ 'ሲነጋ
እመልሳለሁ' አለኝ። ሰጠሁት። ይኸው ነጋ።"

"ይቅር ይበሉት" አልኩ። "ሰብሮብዎት ነው ያፈረ፤
አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ ነበረ..."
እጃቸው ጣውላውን ያዘ።
"ጥርሷ" አሉ፣ "ስንጥቅ ነበረባት፤
አውቅ ነበር። ሳልነግረው ነው የሰጠኋት።"

ዋጋው ተጠርቶ አልቋል። ማን ይክፈል? ማን ይቀበል?
በመካከላችን ጣውላው ላይ ተጋድማለች፤
ላምባዋን ታንጠባጥባለች።
ከአስፋልቱ ማዶ ወያላው ይጣራል፦
"ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ይቀራል!"