አስር ቀን

የሰኔ ዝናብ ጋብ አለ። ኪናሺ ላይ ጭጋግ ተኛ።
ወይዘሮ ካነዮ አንዷን ጥድ፣ እንደ ሕፃን፣ እንደ በሽተኛ፣
በሁለት እጅ አቅፈው አወረዷት፤
ከእርጥቡ ጠረጴዛ አኖሯት።
ቁመቷ ከክንዴ አይበልጥም፤ ዕድሜዋ ግን ከእሳቸው ይልቃል፤
የባላቸው አያት የዘሯት፣ ቅርፊቷ እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰንጥቋል።
አናቷ ላይ የጸደይ ቡቃያ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤
ቅርጹን ያየ ሁሉ "ሻማ" ብሎ ሰይሞታል፤
ያልተለኮሰ፣ ነጣ ያለ፣ ሽቅብ የሚጣደፍ ሁሉ፤
ከታች ግን፣ ከጥላው ስር፣ ጥፍር አክለው የቀሩ አሉ።

"ቁረጥ" አሉኝ። "ግን አስተውል፤ ዛሬ ደካሞቹን ብቻ።
ጉልበተኞቹ አስር ቀን ይቆዩ፤ የእነሱን ተወው ለብቻ።"
አምና ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩ፦ "በመቀስ ነው ወይ ምሕረቱ?"
ሙጫ የጠጣ አውራ ጣታቸውን እያሹ፣
"ቀድሞ የተቆረጠ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፤ ይኸው ነው ብልሃቱ።"

አምና ቸኩዬ ነበር። ሁሉንም በአንድ ቀን ቆረጥኩ፤
ማታም፣ አልዋሽም፣ በገዛ ሥራዬ ተመሰጥኩ።
አናቷ በነሐሴ ፈካ፤ ብርሃኑን ጠቅልሎ ወሰደ፤
የታችኛው ግራ ቅርንጫፍ
ቢጫ ለበሰና ነጎደ።

እሳቸው አልተቆጡኝም። ጥር ሲገባ ቢላ ስለው፣
የሞተውን ቅርንጫፍ፣ ቅርፊቱን ቀስ ብለው ልጠው፣
እንደ አጥንት ነጭ አድርገው ከግንዷ ላይ ተዉት።
"ይኼ ያንተ ነው፣ ቴፔይ።" ሌላ ቃል አልወጣቸውም፤ እንግዳ ግን "ምን ያለ ውበት!"
እያለ ጎንበስ ቀና ይላል፣ ፎቶ ያነሳል።
እኔ ሻይ አቀርባለሁ፤ አንገቴን አላቀናም፤
በስሜ የተጠራ አጥንት፣ ቢያምርም አያጽናናም።

ዘንድሮ እቆጥራለሁ። ሦስት። አምስት። ሰባት።
ዝናቡም ከቆርቆሮው ላይ፣
ጉልበተኛው ሻማ ይመዘዛል፤ እጄን ይበላኛል መቀሱ ሲታይ።
ካነዮ ከበረንዳው፣ አኩሪ አተር እየፈለፈሉ፣
"ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ አትክልተኛ ሻማ ይቆርጣል" አሉ፤
ወዲያው ስለ ዓሣ ዋጋ መናደድ ቀጠሉ።

ዛሬ አስረኛው ቀን ነው። ከታች፣ ከአምናው አጥንት አጠገብ፣
ከጠባሳው አፋፍ ላይ፣ ሰሊጥ የምታክል፣ በመነጽር የምትነበብ፣
አረንጓዴ ነጥብ።
መነጽሬን ጠረግኩና ደግሜ፣ ደግሜ አየኋት።
ማንንም አልጠራሁም።
መቀሱን አነሳሁ፤ ወደ ጉልበተኞቹ፣ ወደ አናት።