ወደብ ስምንት ሺህ ሰማንያ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ሐምቡርግ በዝናብ ስትመታ፣
ዮርዲስ ደወለች፣ ድምጿ ቆርቆሮ ሆኖ፣ ያለ ሰላምታ፦
«ገጹ ሞቷል። የብሬመኑ ሽንኩርት ነጋዴ ይሳደባል፤
አምስት መቶ ሁለት የሚል ቁጥር ብቻ ደጁ ላይ ቆሟል።»
አንድ እግር ካልሲ አገኘሁ፣ ሌላውን ተውኩት፤
ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፈትኩት።

የፊቱ ሰርቨር ደህና ነው።
እሱ እንደ ድሮ ግቢ እልፍኝ አስከልካይ ነው፤
እጅ ይነሣል፣ «ማን ልበል?» ይላል፣ ስም ይመዘግባል፣
እንግዳውን በየተራው ደጅ ያስጠናል፤
ከራሱ ግን አንድ ራስ ሽንኩርት እንኳ የለው፣
የሚሰጠው ሁሉ የጓዳው ነው።

ጓዳውስ?
ሞቶ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር እስክደርስ።
እሱ ሲሠራ አድሯል፤
ጆንያ ይቆጥራል፣ ሂሳብ ይደምራል፣
«ጨረስኩ» ይላል፣ ደግሞ «ጨረስኩ» ይላል።
ለማን?
የማዘዣውን ፋይል መስመር በመስመር ባየው
ነገሩ አንዲት አድራሻ ነው፦
መቶ ሃያ ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ።
ባማርኛ ሲፈታ፦ ከራሴ ሌላ አልሰማም፣ አላውቅም ዘመድ።

ያ ያንኳኳል፣ ይህ ለብቻው ያወራል።
ማንም አልሰነፈ፣ ማንም አልዋሸ፤
ሥራው ግን እንዲሁ ተበላሸ።

ኤልበ ወንዝ ላይ መርከብ ጮኸ። ብቻዬን ሳቅኩ፤
ወደብ አልባ አገር ተወልጄ
ሐምቡርግ መጥቼ ወደብ ከፋች ሆንኩ።

ስምንት ሺህ ሰማንያ።
«ጎረቤትም ሲጣራ ስማ» ብዬ ጻፍኩለት፤
ለደጁ ሰው ደግሞ የጓዳውን ስም ነገርኩት።
አልነሣም አለ።
ለካ መስመሩ ጫፍ ላይ ድርብ ሰረዝ ረስቼ ኖሯል፤
መምህር ጌጤነህ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ጆሮዬን ይዘው፦
«ድርብ ሰረዝ ያለመደ ሰው
ሁለት ሐሳብ በምን ያስተሳስራል?»

ጨመርኳት። አስነሣሁት።
ሁለት መቶ።
አሥራ ሁለት ጆንያ ቀይ ሽንኩርት፣ ከብሬመን፣ ከነስድቡ ገብቶ።

ጠዋት ቢሮ ስገባ ዮርዲስ ኩባያዋን ይዛ
«እንዴት ነህ?» አለችኝ፣ በር ላይ ቆማ።
ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ፊቴ ነው የሚመልስ፤
«ደህና» ይላል፣ እጅ ይነሣል፣
ነገሩ ጓዳ ሳይደርስ።

ዛሬ ግን
ትንሽ ዘገየሁ።
አልሄደችም።
ወንበር ሳበች።