ጉድለት

በሬሳን አመዳይ ነጭ አልብሶት ሲያድር፣
ውርጩ በጫማዬ መርፌ ሲደረድር፣
በምሕላው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ደወሉን ቀድሞ ብርዱ ነው 'ሚያስነሳኝ።
መቋሚያዬን ይዤ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣
ዓምዱን ተደገፈ አመለኛው ወገቤ።
ካህኑ «እግዚኦ» ሲል፣ ሕዝቡ ሲቀበለው፣
እኔ በጣቴ አንጓ የምቆጥረው ሌላ ነው።

አንድ እግዚኦ፦
አንድ ብርድ ልብስ፣ ግራጫ፣ ባለ ቀይ ጥለት።
ሁለት እግዚኦ፦
ሁለተኛው፣ ድርብ፣ የክረምት።
ሦስት፣
አራት፣
እያለ ይሄዳል እስከ አርባ አንድ ድረስ፣
በእግዜር ቤት ቆሜ የፋብሪካ ንብረት ስመልስ።

ሃያ ስምንት ዓመት ግምጃ ቤቱን ይዤ፣
በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገቢውን መዝግቤ፣
በሃያ ሁለት አውጥቼ፣
ክር እንኳ ሳይጎድል በእጄ፣
በቆጠራው ዕለት፣ በሰኔ ሠላሳ፣
አርባ አንድ ጎደለ፤ ጣት በእኔ ላይ ተነሳ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ከደሞዜ ሲቀነስ፣
ልጄ በወንድሟ ጫማ ከትምህርት ቤት ስትደርስ፣
አውቅ ነበር ሌባውን፣
በአጥሩ ቀዳዳ በሌሊት ያሳለፈውን፤
ዘበኛው ወንድይራድን።
ሚዜዬን።

እነሆ ከፊቴ፣ በበስተግራው ሰልፍ፣
ሳሉ አላስቆም ሲለው በመቋሚያ ሲደገፍ።
እያንዳንዱን እግዚኦ በስሙ ስመዘግብ፣
የሚያየኝ ጸሎት ይለዋል፤ እኔ ግን ሒሳብ።
ስንት ምሕላ አለፈ እንዲህ ስቆጥርበት፣
አርባ አንዱን ሞልቼ ወጣሁ፤ አልሞላ አለ ጉድለት።

ትናንት ሌሊት ግን፣
አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ ወይስ ሃያ ነበር፣
የመሪጌታ ጽጌ ድምፅ ድንገት ሲሰበር፣
ሕዝቡ አነሣለት። ከሕዝቡ መካከል
የወንድይራድ ድምፅ፣ ሻካራ፣ ያልተባዘተ ሱፍ የሚመስል፣
መጣና ከእኔ ድምፅ ገባ
እንደ ማግ ከድር።
የትኛው የእኔ ነው? የትኛው ነው የእሱ?
ጠፋኝ። ጣቶቼም አንጓቸውን ረሱ።

እግዚኦ፤ ቁጥር የለው።
እግዚኦ፤ ጥለት የለው።
እግዚኦ፤ ከአፌ ደጅ ጉም ሆኖ የሚተነው።
ጡረታ ከወጣሁ፣ ቁልፍ ካስረከብኩ ስንት ዘመኔ፣
ለካ ማንም አልተረከበኝም፤ እስካሁን ነበር በእኔ።
ይቅር አላልኩትም።
ይቅር ለማለትም እኮ
ስንቱን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፤
የእኔ ቁጥር ደግሞ ከዓምዱ ሥር ወድቋል።

ሲነጋጋ ወጣን። ከደጀ ሰላሙ ሥር
ሣሩ እንደ ብርጭቆ ከእግራችን ሲሰበር፣
ከጎኔ ደረሰ፣ ነጠላው ሳስቶ፣ ዝም ብሎ።
ስንት ዓመት ያላነሣሁትን ስሙን
ጠራሁት፤ አንደበቴ ራሱ ደንግጦ፤
«ወንድይራድ፣ ስንት ላይ ደርሰን ነበር?» አልኩት።
ቆም አለ።
ዓይኑን ወደ በሬሳ መለሰው።
«እኔ መች እቆጥራለሁ» አለኝ፤
«አንተ አይደለህ ቆጣሪው ሰው።»

ደግሞ ሳል ያዘው።
ጠበቅኩት።